ኩላሊት የሚታጠብ ሰው ልብ

ወደ ኩላሊት እጥበት የሚገባ ታካሚ በመጀመሪያ ሚዛን ላይ ይወጣል። ካለፈው እጥበት ወዲህ ሰውነቱ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ የሚታወቀው በዚያ ነው። ከዚያ ክንዱ ላይ በቀዶ ሕክምና በተዘጋጀው የደም ሥር፣ በፌስቱላው፣ ሁለት መርፌ ይገባል። በአንዱ ደሙ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል፣ በሌላው ተጣርቶ ይመለሳል። እጥበቱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ሰዓት ያህል ነው።

እጥበት ዕድሜ ይቀጥላል። ነገር ግን በእጥበት የሚኖሩ ሰዎችን ከሁሉም በላይ የሚገድላቸው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። የልብ ነገር ሲነሳ ደግሞ ብዙዎቻችን ቶሎ ጣታችንን የምንቀስረው ኮሌስትሮል ላይ ነው።

ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ይህ ትክክል ነው፤ ኮሌስትሮልን የሚቀንሱት ስታቲን የተባሉ መድኃኒቶች ብዙ ሰው አትርፈዋል። እጥበት ላይ ላሉት ግን ውጤቱ ሌላ ሆነ። በጀርመን 1,255 የስኳር ሕመም ያለባቸው የእጥበት ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ፣ አቶርቫስታቲን መጥፎውን ኮሌስትሮል በ42 በመቶ ቢያወርደውም በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ የሚደርሰውን ጉዳትና ሞት ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልቀነሰም። በ2009 ሮሱቫስታቲን በ2,776 ታካሚዎች ላይ ተፈትኖ ያው ውጤት ተገኘ።

ምክንያቱ የእነዚህን ሰዎች ልብ የሚጎዳው ነገር ብዙ መሆኑ ነው። ኩላሊት ማስወገድ ያቃተው ፎስፈረስ ከካልሲየም ጋር ሆኖ የደም ሥሮችን ግድግዳ ያደድራል። በእጥበቶች መሐል የሚጠራቀመው ውሃ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ልብም ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ኖሮ ጡንቻው ይወፍራል። ፖታሲየም ሲበዛ የልብ ምት በድንገት ይዛባል። ስታቲን እነዚህን አያክምም። እንዲያውም እጥበት ላይ ያለ ሰው ኮሌስትሮሉ በጣም ዝቅ ካለ፣ በቂ ምግብ አለማግኘቱን ወይም ሰውነቱ በብግነት መጎዳቱን ሊጠቁም ይችላል።

ለዚህም ነው ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 እጥበት ላይ ላለ ሰው ስታቲን እንደ አዲስ እንዳይጀመር፣ እጥበት ሳይጀምር ይወስድ የነበረ ግን እንዲቀጥል የመከረው። ስለዚህ መድኃኒቱን የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ።

ልብን የሚጠብቀው ዋናው ሥራ ሌላ ቦታ ነው። ወጡ ላይ ጨው ባትጨምሩም በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸው ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለታካሚው ያለ ጨው ለብቻ ይዘጋጅለት። ጨው ሲቀንስ ጥማቱም ይቀንሳል፣ በሚዛኑ ላይ የሚጨመረው ኪሎም እንዲሁ። ፎስፈረስን የሚይዘው መድኃኒት ከምግብ ጋር ይወሰድ። ከሁሉ በላይ የእጥበት ቀን አይዘለል፤ በሁለት እጥበቶች መሐል ያለው ቀን ሲረዝም የልብ አደጋም ይጨምራል።

በአገራችን ቀን የሚዘልለው ብዙው ታካሚ ግን ችላ ብሎ ሳይሆን ገንዘብ አጥሮት ነው። በእድራችሁ፣ በጎረቤታችሁ ወይም በዘመዶቻችሁ መካከል እጥበት ላይ ያለ ሰው ካለ የእጥበቱ ቀን እንዳይታለፍ አግዙት። ለልቡ ከዚህ የሚበልጥ እርዳታ የለም።