«ማማ»፣ «ጎጆ»፣ «ጋሻ»፦ ለመርከብ ፀረ አውሮፕላን መድፍ መንበሮች የሚስማሙ ስያሜዎች

የባሕር ኃይል ታሪክን ወይም ለመርከብ ሞዴል ሠሪዎች የተዘጋጀ መመሪያን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሁሉ አንድ ችግር ይገጥመዋል። መድፉ ራሱ ስም አለው፤ መድፉን የሚሸከመው፣ የሚያዞረውና ሽቅብ የሚያነሣው አካል ግን የተወሰነ ስም የለውም። «ሠረገላ»፣ «ማቆሚያ»፣ «መቀመጫ»፣ «ማማ» የሚሉት ቃላት ሁሉ ለዚህ አካል ሊቀርቡ የሚችሉ ቢሆኑም፣ እያንዳንዳቸው በአንባቢው አእምሮ የሚስሉት መልክ የተለያየ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዋና ዋናዎቹን የመርከብ ፀረ አውሮፕላን መድፍ ተሸካሚዎች በአሠራራቸው ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ቃል ማመልከት ነው።

እንደሚታወቀው አማርኛ የመድፍን ቃላት ያዳበረው በየብስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል ወደ መቅደላ የደረሰው በሠረገላ ተጎትቶ ነበር፤ መድፍና ሠረገላም በቋንቋው ውስጥ ተጣምረው ኖረዋል። በሁለት ጎማ የሚጎተተው፣ በአገራችን «ዙ 23» በመባል የሚታወቀው ባለ 23 ሚሊ ሜትር ፀረ አውሮፕላን መሣሪያም «ሠረገላ አለው» ቢባል አያስነቅፍም። በመርከብ ላይ ግን ጎማ የለም፤ ተሸካሚው አካል ከመርከቡ ወለል ጋር በብሎን ይታሰራል። «ሠረገላ» እዚህ ከገባ አንባቢው የሌለ መንኮራኩር ያስባል። «መቀመጫ» እንዳይባል ደግሞ፣ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ አነጣጣሪዎቹ የሚቀመጡባቸው እውነተኛ መቀመጫዎች ስላሉ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ስለሆነም «ነበረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣው «መንበር» ይመረጣል፤ አንድ ነገር በላዩ ጸንቶ የሚያርፍበትን አካል ያመለክታልና።

መንበሮቹ በመጀመሪያ የሚለዩት በሚያንቀሳቅሳቸው ኃይል ነው። የ20 ሚሊ ሜትሩን ኦርሊኮን የሚያዞረው የተኳሹ ሰውነት ነው። ተኳሹ ቆሞ፣ ትከሻውን በመደገፊያው ላይ አሳርፎ፣ በቀበቶ ከመሣሪያው ጋር ታስሮ አብሮ ይዞራል። መንበሩ ከፍና ዝቅ በሚል አንድ ዓምድ ላይ የቆመ ከሆነ «ባለ ምሰሶ»፣ ኋላ እንደመጣው ቀለል ያለ ዓይነት ከሆነ ደግሞ «ባለ ሦስት እግር» ቢባል ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

የ40 ሚሊ ሜትሩ ቦፎርስ ከዚህ ይለያል። አነጣጣሪዎቹ በመሣሪያው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ አጉራሾቹ በመንበሩ ላይ ቆመው አራት አራት ሆነው የተያያዙትን ጥይቶች ከላይ ወደ ታች ይጨምራሉ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሦስት ዓይነት መንበር ይጠቀምበት ነበር፦ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ አራት አፈሙዝ። ባለ አንዱ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ አፈሙዙ ቀጭን ነው፤ የሌሎቹ በውኃ ስለሚቀዘቅዝ ወፍራም ልባስ ይታይበታል። ባለ አራቱ ደግሞ አራት ነጠላ መድፎች የተደረደሩበት ሳይሆን ሁለት መንታዎች ጎን ለጎን የቆሙበት ነው። «ባለ አራት አፈሙዝ» ቁጥሩን ብቻ ሲነግረን፣ «ጥንድ መንታ» አሠራሩንም ይነግረናል።

ሦስተኛው ዓይነት በሶቪየት ኅብረት የተሠራው ባለ 30 ሚሊ ሜትር መንታ ኤ.ኬ. 230 ነው። በዚህ መንበር ውስጥ ሰው የለም። ከላይ ክብ ሽፋን ተደፍቶበት፣ በራዳር እየተመራ ከሩቅ ይታዘዛል።

ሁለተኛው መለያ ሽፋኑ ሲሆን፣ የአገር ቤት ቃላት በተለይ የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። ከፊት ብቻ የሚከልል የብረት ሰሌዳ «ጋሻ» ቢባል ማንም አይሳሳትም። «ማማ» ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። በደቡብ ወሎ በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ያለ ገበሬ «ማማ» ሲል፣ ጠባቂው በላዩ ቆሞ ወፍና ዝንጀሮን በወንጭፍ ከማሽላው የሚከላከልበትን ከፍ ያለ መቆሚያ ማለቱ ነው። ማማ አይዞርም፤ ጠባቂው ግን ወደ አራቱም ማዕዘን ይዞራል፣ ሰማዩንም ያያል። ስለዚህ ቃሉ የሚገባው ዙሪያው በዝቅተኛ ግድግዳ ለተከበበው፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ለተሠራውና መንበሩ ለሚተከልበት ክፍት ሥፍራ ነው። ዙሪያውንም ላዩንም ተሸፍኖ ከመድፉ ጋር የሚዞረው አካል «ማማ» ከተባለ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ለእርሱ ክዳን ያለው ቤት ስም የሆነው «ጎጆ» ይስማማል። በዚህ መሠረት ቦፎርስ ብዙውን ጊዜ በማማ ውስጥ የሚተከል፣ ኤ.ኬ. 230 ግን ባለ ጎጆ መንበር ይሆናል።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ከዋና ዋና መርከቦቹ አንዷን፣ «ኢትዮጵያ» የተባለችውን፣ በ1962 ከአሜሪካ ተቀበለ። እርሷም አንድ የ127 ሚሊ ሜትር መድፍና የ40 ሚሊ ሜትር ቦፎርሶች ነበሯት። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኤ.ኬ. 230 የተተከለባቸው የሶቪየት ሚሳይል ጀልባዎች መጡ። መሣሪያዎቹ ከሁለት ወገን ስለመጡ ስማቸውም ከሁለት ቋንቋ መጣ። «ኢትዮጵያ» በ1991 ወደ የመን ሄዳ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ዛሬ ሄዶ የሚያያት የለም፤ መልኳን ሊያቆዩ የሚችሉት ፎቶግራፍ፣ ሞዴልና ጽሑፍ ናቸው።

ሞዴል ሠሪው ደግሞ የሚመራው በቃል ነው። በ1 ለ350 ልኬት፣ 2.25 ሜትር ገደማ የሆነው የቦፎርስ አፈሙዝ ወደ 6.4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በዚህ መጠን ጥቃቅኑ ነገር ይጠፋል፤ የሚቀረው መንበሩ ክፍት ወይም ድፍን መሆኑ፣ የአፈሙዙ ቁጥርና ውፍረት ነው። ተርጓሚው ማማውን ጎጆ ካለው፣ ሠሪው በሌለ ቦታ ክዳን ይደፋል።

ስለሆነም ተርጓሚው ስያሜውን በዚህ ቅደም ተከተል ቢያዋቅር ይመከራል፦ በመጀመሪያ የመድፉ ልክ፣ ቀጥሎ የአፈሙዙ ቁጥር፣ በመጨረሻም የመንበሩ ዓይነት። ለምሳሌ «ባለ 20 ሚሊ ሜትር፣ ነጠላ፣ ባለ ምሰሶና ባለ ጋሻ መንበር»፤ «ባለ 40 ሚሊ ሜትር፣ ጥንድ መንታ፣ በማማ የተተከለ መንበር»፤ «ባለ 30 ሚሊ ሜትር፣ መንታ፣ ባለ ጎጆ መንበር»። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ባሕር ኃይሉን እንደገና የማቋቋም ሥራ ስለተጀመረ፣ ሦስተኛ የባዕድ ስም ከመጨመሩ በፊት ስያሜው በአማርኛ ቢጸና ይበጃል።