የአዶላ ወርቅና የከተማዋ ታሪክ

በአገራችን የወርቅ ነገር በተነሣ ቍጥር ስሟ የማይዘነጋ አንዲት የደቡብ ከተማ አለች፤ እርስዋም አዶላ፣ በሌላ ስሟ ክብረ መንግሥት ናት። ዛሬ በኦሮሚያ ክልል በጉጂ ዞን የምትገኘው ይህች ከተማ ቀድሞ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበረች።

በዚያ አገር ወርቅ የተገኘው በ1920ዎቹ ማብቂያ ግድም ነው። ወርቁ ኳርትዝ በሚባለው ነጭ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ዝናምና ጎርፍ ዓለቱን በዘመናት ብዛት ሲሸረሽሩት ወደ ወንዝ ይወርዳል። ክብደቱም ከውሃ 19 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ አሸዋው ሲታጠብ ከሥር ይቀራል። ስለዚህ ለሥራው አካፋ፣ ገበቴና ብዙ ጕልበት ይበቃ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ መንግሥት ሥራውን በእጁ ይዞ አካሄደው፤ ከቀን ሠራተኞች ሌላ እስረኞችም ወደዚያ ይላኩ ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብ ዐዋጅ የኢትዮጵያን ብር በወርቅ ክብደት ስለ ተመነው፣ አዶላ ለመንግሥት ግምጃ ቤት የነበራት ጥቅም ከፍ ያለ ነበር።

ነገር ግን የወንዝ ወርቅ እንደ ቡና ዛፍ በየዓመቱ አያፈራም፤ አንድ ጊዜ ከታጠበ ታጠበ ነው። አሸዋው እየነጠፈ ሲሄድ ዐይን ሁሉ ወደ ዓለቱ ዞረ። በሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገ ደምቢ ማዕድን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማምረት ጀመረ፤ በ1989 ዓ.ም. ለሚድሮክ ተሸጠ። ዓለት መፍጨት ግን ታላላቅ መኪናና ሲያናይድ የሚባለውን ብርቱ መርዝ ይጠይቃል። የአካባቢው ሕዝብ ስለ ጤናው ባሰማው አቤቱታና ተቃውሞ ምክንያት ፈቃዱ በ2010 ዓ.ም. ታገደ፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራው እንደ ገና ቀጠለ።

አባቶቻችን «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይላሉ። ምድር ወርቋን ሰጥታ ጕድጓድና የጠጠር ክምር ከተረፋት፣ ተረቱ በእርስዋ ደረሰ ማለት ነው። ነጋዴ ከዚህ የሚማረው ግልጽ ነው፤ ማዕድን የሀብት መነሻ እንጂ ራሱ ዘላቂ ሀብት አይደለም። ትርፉ ገና ሳለ ወደ እርሻ፣ ወደ እጅ ሥራና ወደ ትምህርት ካልተዛወረ ከታጠበው አሸዋ ጋር ይፈሳል። የጉለሌው የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጥበቡን ለልጁ ያወርሳል፤ ወርቅ ቆፋሪ ግን ቀድሞ ካላሰበበት ለልጁ የሚያወርሰው ጕድጓዱን ብቻ ነው።