የመንግሥት ቤት ዐይንና ጆሮ ይኑረው
ስለ ነቀምቴና ስለ ወለጋ ከተሞች መሥሪያ ቤቶችና መጋዘኖች አጠባበቅ

የመንግሥት ቤት የሚሠራው ከገበሬው ግብርና ከነጋዴው ቀረጥ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በውስጡ ያለ ምክንያት የሚበራው መብራት፣ ከቧንቧው የሚፈሰው ውሃ፣ በእርጥበት የሚበላሸው እህልና ማዳበሪያ የማንም እንዳልሆነ ነገር ሊታለፍ አይገባውም፤ ከአንድ ከታወቀ ገበሬ ጐተራ እንደ ተወሰደ ሊቈጠር ይገባዋል እንጂ። ይሁን እንጂ ቤቱ ሲሠራ ስለ ግንቡና ስለ ጣራው ብዙ ይታሰባል፤ ከተመረቀ በኋላ ግን በየቀኑ ምን ያህል እንደሚበላ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

በነቀምቴ ከተማ ያለው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ለዚህ ነገር ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች ዘመን የተሠራው ይህ ግቢ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጐበኛል። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚዘንብበት አገር እንዲህ ያለ ጥንታዊ ቤት ብቻውን ሊቆም አይችልም። የሚያፈስሰውን ጣራ አይቶ የሚናገር፣ የረጠበውን ግድግዳ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። በቀድሞው የግቢ ሥርዓትም በጅሮንዱ ስለ ግምጃ ቤቱ፣ አጋፋሪው ስለ በሩ፣ ጐተራ ጠባቂው ስለ እህሉ ይጠየቅ ነበር። ቤቱ ዐይንና ጆሮ ነበረው ማለት ነው።

በዛሬው ዘመን መሥሪያ ቤቱ በዝቶአል፤ ክፍሉም በዝቶአል። አንድ ዘበኛ ሁሉን ዞሮ ሊያይ አይችልም። ሰው ሳይነካው የሚያስተውል፣ ያየውንም በስልክ የሚያስታውቅ፣ በተለምዶ ስማርት የሚባለው መሣሪያ የተፈለገው ስለዚህ ነው። ነገሩ አዲስ ቢመስልም መነሻው ሩቅ ነው። በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲን ግዛት ያስተምር የነበረ ዋረን ጆንሰን የሚባል መምህር የክፍሉን ሙቀት ለማስተካከል በየጊዜው ሠራተኛ መጥራት ስላስቸገረው፣ ሙቀቱ ሲጐድልና ሲበዛ በኤሌክትሪክ የሚያስታውቅ መሣሪያ አሰናድቶ በ1883 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የፈጠራ መብት ተቀበለበት። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ረቀቀ፤ አሳቡ ግን ያው አንድ ነው፤ ይኸውም ጉድለቱ ከመክፋቱ በፊት ይታወቅ ማለት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉትም ይህንኑ ነው።

አሁን ጥቅሙን በቍጥር እንይ። አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት 60 ዋት የሆኑ 30 አምፑሎች አሉት እንበል። ሁሉም ከምሽት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ሲበሩ ቢያድሩ በአንድ ሌሊት 21.6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በ30 ሌሊት 648 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላሉ። አምፑሎቹ ያንኑ ያህል ብርሃን በሚሰጡ 9 ዋት በሆኑ ኤል ኢ ዲ አምፑሎች ቢለወጡ የወሩ ፍጆታ ወደ 97.2 ይወርዳል። ከዚህም በላይ፣ ሰው ሲጠፋ መብራቱን የሚያጠፋ መሣሪያ ገብቶ ለጥበቃ የሚያስፈልጉት 5 ብቻ ቢያድሩ 16.2 ብቻ ይሆናል። ከ648 ወደ 16.2 መውረድ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ኀይሉ በዝቶልናል፤ ቍጠባው ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ከሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የፊንጫ ማመንጫ በ1973 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሥራ ጀምሮአል፤ በጉባ የተሠራውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቆአል። ነገር ግን ወንዙ ቢሞላ የመሥሪያ ቤቱ በጀት አይሞላም። በጨለማ ላይ ለሚበራ አምፑል የተከፈለው ብር ለምርጥ ዘር፣ ለከብት ክትባት ወይም ለመንገድ ጥገና ሊውል የሚችል ብር ነው።

ስለ ውሃም እንዲሁ ነው። በግቢ ውስጥ አንድ የተሰወረ ቀዳዳ በየሰዓቱ 20 ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን ያህል ቢያፈስስ፣ በቀን 480 ሊትር፣ በ30 ቀን 14,400 ሊትር ይጠፋል። ይህን ለማወቅ በመጀመሪያ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቧንቧው ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ማታ ቆጣሪውን አንብቦ መጻፍ፣ ጧት ደግሞ ማንበብ ነው። ማንም ሳይጠቀም ቍጥሩ ከጨመረ ቀዳዳ አለ። ብልሁ ቆጣሪ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ሳይታክት በየሌሊቱ ማድረጉ ነው።

ለእርሻ ሥራ ግን ከሁሉ የሚከብደው የመጋዘን ነገር ነው። ወለጋ የበቆሎ፣ የሰሊጥና የቡና አገር ነው፤ ቡናውም በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» እየተባለ በነቀምቴ ስም ይጠራል። በቆሎ እርጥበቱ ከመቶ 13 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሳይደርስ በመጋዘን ቢቈለል ይሞቃል፤ ይሻግታል፤ አፍላቶክሲን የሚባለውን ለሰውም ለከብትም ጠንቅ የሆነ መርዝ የሚያመጣ ሻጋታም ያድርበታል። ዩሪያ ማዳበሪያም ከአየር እርጥበት እየሳበ ይረጋል፤ ሲረጋም ለመበተን ያስቸግራል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ወደ መጋዘኖቹ የሚገባው ምርት ተመዝኖና ደረጃው ተመርምሮ፣ ባለቤቱ ደረሰኝ ይቀበላል። ይህ ሥርዓት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሲገባ የተመረመረው ምርት ሲቀመጥም ሊመረመር ይገባዋል። የእርጥበትና የሙቀት መለኪያ በመጋዘኑ በአራቱም ማዕዘንና በክምሩ መካከል ቢቀመጥ፣ የሞቀው ክምር ሽታው በበር ሳይወጣ ይታወቃል። ሰፋፊ እርሻ ያላቸው ሰዎችም በራሳቸው ጐተራ ይህንኑ ቢያደርጉ ይጠቀማሉ።

የክትባት ማቀዝቀዣም ከዚህ አይለይም። ክትባት በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ያበላሸዋል፤ አንዳንዱንም ውርጭ ያበላሸዋል። በጤና ድርጅቶች ማቀዝቀዣ ውስጥ የ30 ቀን ሙቀት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ማስቀመጥ የታወቀ ሥራ ነው። የከብት ክትባት የሚያኖሩ ጽሕፈት ቤቶችም ይህን ቢከተሉ፣ ኀይሉ የሞተ ክትባት ተወግቶ ከብቱ ቢያልቅ «ክትባቱ አይረባም» ከሚል የገበሬ ሐሜት ይድናሉ።

መሣሪያው ሲመረጥ ግን ሦስት ነገር ይታሰብ። 

አንደኛ፤ አገሩ ይታወቅ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ዝናበኛ ከተማ ስትሆን፣ ኡኬ ግን ቆላ ናት። ለነቀምቴ ቤት የሚያሰጋው እርጥበት ነው፤ ለኡኬ ቤት የሚያሰጋው ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት ነው። ስለዚህ በኡኬ የአየር ማቀዝቀዣ ከመግዛት በፊት ኮርኒስ ማልበስ፣ አየር የሚያስተላልፍ መስኮት መክፈትና ዛፍ መትከል ይቀድማል። በቤቱ አሠራር ላይ ያለውን ስሕተት መሣሪያ አያድነውም።

ሁለተኛ፤ መሣሪያው መስመር ሲቋረጥ የማይደነግጥ ይሁን። በ2012 ዓ.ም በምዕራብ ኦሮሚያ፣ በወለጋም ጭምር፣ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ለብዙ ሳምንታት ተቋርጦ ነበር። መብራትም የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የሚገዛው መሣሪያ የራሱ ባትሪ ያለው፣ ያየውን በራሱ መዝግቦ የሚያቆይ፣ መስመር ሲመለስ የሚያስተላልፍ ሊሆን ይገባል። ኢንተርኔት ከሌለም በአጭር የስልክ መልእክት የሚናገር ቢሆን ይመረጣል። የወረቀቱ መዝገብም ከጎኑ አይጥፋ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ መልእክቱን የሚቀበለው ሰው ይታወቅ። መሣሪያው በእኩለ ሌሊት «መጋዘኑ ረጥቦአል» ብሎ ቢናገር፣ የተጻፈለት ስልክ ባለፈው ዓመት ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ ሹም ስልክ ከሆነ ነገሩ ከንቱ ነው። ሹሙ ሲዛወር ስልኩ አብሮት ይሄዳልና። ስለዚህ መልእክቱ በሰው ስም ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ይድረስ፤ ተረኛውም በጽሑፍ ይመደብ፤ መልእክቱ የደረሰበትን ሰዓትና ያደረገውን ነገር ይፈርምበት። ይህ ካልሆነ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ይደርሳል።

እንግዲህ ክቡራን አስተዳዳሪዎችና የወረዳ ሹማምንት ሥራውን በግዢ እንዳይጀምሩት እናሳስባለን። በመጀመሪያው ወር በወረዳው ያለው የመንግሥት ቤት ሁሉ ክፍሉ፣ ጣራው፣ ቆጣሪውና የሚቀመጥበት ንብረት ይመዝገብ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር የመብራቱና የውሃው ቆጣሪ ማታና ጧት እየተነበበ ይጻፍ። በዚህ ብቻ ከጥፋቱ ብዙው ይገለጣል፤ ያለ ገንዘብ የሚታረመውም ወዲያው ይታረም። ከዚያ በኋላ ጥፋት በበዛበት በአንድ ቤት ወይም በአንድ መጋዘን መሣሪያው ተተክሎ ከክረምት እስከ በጋ ይፈተን። የዳነው ብርና እህል ተቈጥሮ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ይተያይ። ጠቃሚ ሆኖ ሲገኝ ወደ ሁለተኛው ይለፍ። የሚጠግን ሰው በነቀምቴ ወይም በቅርብ ከተማ የማይገኝለትን መሣሪያ ግን፣ ርካሽ ቢሆንም፣ አለመግዛት ይሻላል።

መሣሪያ ዐይን ይሆናል፤ ጆሮም ይሆናል፤ እጅ ግን አይሆንም። የሚያፈስሰውን ጣራ የሚከድነው፣ የሞቀውን ክምር አፍርሶ የሚያናፍሰው፣ ስለ ጠፋውም በሕዝብ ፊት የሚጠየቀው ሰው ነው። በክረምቱ ጭቃ ውስጥ እህሉን በአህያ ጭኖ ወደ መጋዘኑ በር ያመጣው ገበሬ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሊያይ አይችልም። እርሱ የማያየውን እንዲያይለት ያመነው ሹሙን ነው።