የደጋ አየርና የሞተር ጉልበት

ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው ከአየር በሚያገኘው ኦክስጅን በመሆኑ፣ አንድ ሲሊንደር ሊያመነጭ የሚችለው ጉልበት የሚወሰነው በሚረጭለት ነዳጅ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከሁሉ በፊት በሚገባለት የአየር ክብደት ነው። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ባይኖርም፣ ጉልበቱ የቀነሰ መኪና ጋራዥ ሲገባ እጅ ቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ነዳጁ ነው፤ በደጋ ላይ ለሚሠራ ሞተር ደግሞ ከዚህ የከፋ አጀማመር የለም።

ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ በሌለው ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የሲሊንደሩ ግፊት ከውጭው ያንሳል፤ የመግቢያው ቫልቭ ክፍት ስለሆነም የከባቢው አየር ግፊት አየሩን በማጣሪያውና በቱቦዎቹ በኩል እየገፋ ያስገባዋል። የፒስተኑ ድርሻ ቦታ መክፈት ሲሆን፣ የሚያስገባው ኃይል ያለው ከውጭ ነው ማለት ነው። ይህ የውጭ ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው አዲስ አበባ ወደ 76 ይወርዳል፤ ስለዚህ ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ ወደ ደጋው የሚወጣ ቱርቦ አልባ የጭነት መኪና አንድም ክፍሉ ሳይበላሽ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ የሚሆነውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ መንገድ ላይ ያጣል።

ጉዳቱ የሚጎላው የድሮው ዓይነት ሜካኒካል ፓምፕ ባለው የናፍጣ ሞተር ላይ ነው። እንዲህ ያለው ፓምፕ፣ የከፍታ ማስተካከያ ካልተገጠመለት በቀር፣ አየሩ መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ቆላ ላይ ይሰጥ የነበረውን የናፍጣ መጠን ደጋም ላይ ይሰጣል፤ ኦክስጅን ያልደረሰው ናፍጣም ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ጉልበት ለመጨመር ሲባል ፓምፑ የሚሰጠውን የናፍጣ መጠን ከፍ ማድረግ ጭሱን ያጠቁራል፣ ፒስተኑን ያግላል፣ ናፍጣውንም ያባክናል፤ የጎደለው አየር ግን እንደጎደለ ይቀራል። በኮምፒዩተር የሚመራ ሞተር የአየሩን መጠን በሴንሰር ለክቶ ነዳጁን ስለሚቀንስ አያጨስም፤ ጉልበቱ መቀነሱ ግን አይቀርለትም።

አየርን በግድ የማስገባት ሐሳብ ታሪኩ ከከፍታም ጋር የተያያዘ ነው። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በ1905 እ.ኤ.አ. በጭስ ኃይል አየር የሚጨምቅበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ፤ በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በባሕር ጠለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረውን የሊበርቲ የአውሮፕላን ሞተር ከ4,300 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው የፓይክስ ፒክ ተራራ አናት አውጥቶ ሲሞክረው፣ ቱርቦ ሳይኖረው ወደ 230 ወርዶ የነበረው ጉልበት በቱርቦ 356 ደረሰ።

ቱርቦ በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ ሁለት ባለ ክንፍ መንኩራኩሮች ያሉት መሣሪያ ነው፤ አንዱን ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ሲያዞረው፣ ሌላው ከማጣሪያው የመጣውን አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። ሱፐርቻርጀር የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን የሚዞረው በራሱ በሞተሩ፣ ብዙውን ጊዜ በቺንጋ፣ ስለሆነ ነዳጅ እንደተሰጠ ወዲያውኑ ቢታዘዝም ከሞተሩ ጉልበት ይወስዳል። ቱርቦ የሚጠቀመው አለበለዚያ ከንቱ ይቀር የነበረውን የጭስ ኃይል ነው፤ በአንጻሩ ጭሱ እስኪበረታ ድረስ ጥቂት ይዘገያል። አየር ሲጨመቅ ስለሚግልና የጋለ አየር ደግሞ ስለሚሳሳ፣ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር በመካከል ይገባል።

ይሁንና ቱርቦ ደጋን ያለ ዋጋ አያሸንፍም። በሲሊንደሩ መግቢያ 150 ኪሎ ፓስካል ለማግኘት በባሕር ዳርቻ አየሩን አንድ ጊዜ ተኩል መጨመቅ ሲበቃ፣ በአዲስ አበባ ሁለት እጥፍ ያህል መጨመቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር የሚችለው ዘንግ ይበልጥ ይፈጥናል፣ አየሩም ይበልጥ ይግላል። የደጋ ቱርቦ ንጹሕ ዘይት፣ ንጹሕ ማጣሪያና ያልተደፈነ ኢንተርኩለር አጥብቆ የሚሻው ከዚህ የተነሣ ነው፤ በተቀደደ ማጣሪያ ያለፈ አቧራ የመጭመቂያውን ክንፎች ይበላቸዋል፣ ከረጅም ዳገት በኋላ ወዲያው የጠፋ ሞተርም በጋለው ዘንግ ዙሪያ የቀረውን ዘይት ወደ ከሰል ይለውጠዋልና ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት የነዳጅ ፔዳሉ ሳይረገጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ሊሠራ ይገባዋል።

የቱርቦ ሞተር ጥቁር ጭስ ሲያወጣና ሲደክም፣ ፓምፑም ሆነ ቱርቦው ከመነካቱ በፊት ማጣሪያው መታየት፣ ከቱርቦው እስከ መግቢያው ያሉት የጎማ ቱቦዎችም በእጅ እየተዳሰሱ መመርመር አለባቸው፤ ማሰሪያው የላላ ወይም ከሥሩ የተሰነጠቀ ቱቦ የተጨመቀውን አየር እያፏጨ ያስወጣል፣ በዙሪያውም ዘይት የቀላቀለ አቧራ ይይዛል። ቱርቦው በእርግጥ ከተበላሸም አዲሱ ከመገጠሙ በፊት ዘይት የሚያመጣለትና የሚመልስለት ቧንቧ ተፈትቶ መታጠብ ይኖርበታል፤ የመጀመሪያውን ያቃጠለው የተዘጋ ቧንቧ ሁለተኛውንም ሊያቃጥለው ይችላልና።