ተሽከርካሪን ቀጥ አድርጎ የሚያስኬደው ምንድን ነው? የጎማ አሰላለፍና የአየር ግፊት ሚና



አንድ ሾፌር «መኪናዬ ወደ ቀኝ ይስበኛል» ብሎ ጋራዥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚመረመሩት የፊት ጎማዎች ብቻ ናቸው፤ «አላይመንት» ተሠርቶለት ይሸኛል። የዛሬው ገለጻዬ ይህ ልማድ የጉዳዩን ግማሽ ብቻ እንደሚነካ ለማሳየት ነው። አቅጣጫ የሚያስይዙት የፊት ጎማዎች ቢሆኑም፣ በከፍተኛ ፍጥነት ተሽከርካሪውን በመስመሩ የሚያጸኑት በዋነኛነት የኋላ ጎማዎች ናቸው።

በቅድሚያ «መረጋጋት» የሚለውን ቃል እንበይን። የጎን ነፋስ ወይም ጉድጓድ ተሽከርካሪውን ጥቂት ሲያዛባው መዛባቱ በራሱ እየከሰመ ከሄደ ተሽከርካሪው የተረጋጋ ነው፤ እየሰፋ ከሄደ ግን አይደለም።

ከማዕዘን እንጀምር። የፊት ጎማ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት ዘንግ ጫፉ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው። ዘንጉ ወደ መሬት ቢረዝም የሚያርፈው ጎማው መሬት ከሚረግጥበት ነጥብ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ጎማው ዘንጉን ተከትሎ የሚጎተት ይሆናል፤ ዞር ቢል መንገዱ ራሱ ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። የግራውና የቀኙ ዝንባሌ ከተለያየ ግን መኪናው ዝንባሌው ወዳነሰበት ወገን ይስባል።

ሁለተኛው ማዕዘን ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብሉበት ነው። አንድ ጎማ ከጉዞው አቅጣጫ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛባ፣ በ1 ኪሎ ሜትር ጉዞ 17 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋቀ ይጎተታል። ስሕተቱ በአንዱ የኋላ ጎማ ላይ ሲሆን መኪናው ገላውን አጣሞ ይጓዛል፤ ሾፌሩም ቀጥ ለማለት መሪውን አጣሞ ይይዛል። የፊቱን ብቻ የሚለካ ባለሙያ ይህን አያገኘውም።

ወደ አየር ግፊት እንለፍ። አየሩ ሲያንስ የጎማው ጎን ይላላል፤ መዛባትን የሚቋቋምበት የጎን ጥንካሬም በአብዛኛው ይቀንሳል። የኋላ ጎማዎች የጎን ጥንካሬ ከክብደት ማዕከል ባላቸው ርቀት ተባዝቶ ከፊት ጎማዎች ተመሳሳይ ብዜት ሲበልጥ፣ ተሽከርካሪው በማንኛውም ፍጥነት የተረጋጋ ነው። ካነሰ ግን አንድ ወሳኝ ፍጥነት ይኖራል፤ ከዚያ በታች መኪናው ጤነኛ ይመስላል፤ ከዚያ በላይ ትንሹ መዛባት ራሱን እያሳደገ ይሄዳል።

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ የሚወርድ ሚኒባስን እናስብ። የኋላ ወንበሮች በሰውና በዕቃ ሲሞሉ የክብደት ማዕከሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የኋላ ጎማዎችም ርቀት ያጥራል። አየራቸው ከጎደለ ደግሞ ጥንካሬያቸው ይቀንሳል። ብዜቱ ከሁለት ወገን ተጎዳ ማለት ነው። በከተማ ውስጥ በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር ምንም ያልተሰማው ሾፌር፣ በ100 ላይ ሌላ ጠባይ ያለው መኪና ይገጥመዋል። ብዙ አምራቾች በበር ምሰሶ ላይ በሚለጥፉት ሰሌዳ ለሙሉ ጭነት የኋላ ጎማዎችን ግፊት ከፍ የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም።

«ቁልቁለቱስ ግፊቱን አይለውጠውም?» ትሉ ይሆናል። የጎማ መለኪያ የሚያነበው በውስጥና በውጭ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ 700 ሜትር ያህል መውረድ ንባቡን በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሰዋል። ይህ ግን አራቱንም ጎማዎች እኩል ይነካል። አሳሳቢው በጎማዎች መካከል የሚፈጠር ልዩነት ነው፤ በዝግታ የሚያስተነፍስ አንድ የኋላ ጎማ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው።

ስለዚህ ምርመራው ቅደም ተከተል ይኑረው። መጀመሪያ ጎማዎቹ ሳይሞቁ የአራቱም ግፊት ይለካ፤ ቀጥሎ የቴስቲናና የኩሽኔታ ልልነት ይታይ፤ በመጨረሻ የአራቱም ጎማዎች አሰላለፍ ይለካ። ግፊቱ ባልተስተካከለ ጎማ ላይ የተወሰደ የማዕዘን ልኬት የመኪናውን እውነተኛ አቋም አያሳይም። ስበቱ ከቀጠለ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ቦታ ይለዋወጡ፤ ስበቱ አብሮ ወገን ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው እንጂ የማዕዘኑ አይደለም።

ከእነዚህ እርምጃዎች የመጀመሪያው ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ተሳፋሪዎች ግን ሕይወታቸውን የሚጥሉት በእርሱ ላይ ነው።