ከመኪና ሥር ስለሚሰረቀው ዕቃ

በአሜሪካ አገር ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደር ነጋዴ ማለዳ ሞተሩን ሲያስነሣ ከመኪናው ሥር እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ የሰማ እንደ ሆነ፥ ሌሊቱን ሌባ እንደ ጎበኘው ወዲያው ይረዳል። የተወሰደበት ዕቃ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይባላል፤ ይኸውም በሞተሩና በማርሚታው መካከል ተገጥሞ የጭሱን መርዝ የሚቀንስ ነው። በውስጡ ፕላቲነም፥ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት በጥቂቱ ይገኛሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 የአንድ አውንስ ሮዲየም ዋጋ ከ25,000 ዶላር አልፎ ስለ ነበር ስርቆቱም በረታ። ዋጋው ከዚያ ወዲህ እጅግ ቢወርድም ስርቆቱ ጨርሶ አልቀረም።

ሌባው አስቀድሞ የሚመርጠው ከመሬት ከፍ ያለውን የጭነት ቫን ነው፤ ያለ ክሪክ ከሥሩ ገብቶ በጥቂት ደቂቃ ቆርጦ ይሄዳልና። የባለቤቱ ጉዳት ግን በዕቃው ዋጋ አያበቃም። ምትኩ እስኪገኝ መኪናው ጋራዥ ይቆማል፤ ደንበኛውም ጭነቱን ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ የኢንሹራንስ ውልም ይህን የቀረ ገቢ ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

ስለዚህ ብዙ መኪና ያለው ነጋዴ ማታ ከፍ ያሉትን በመካከል፥ ዝቅ ያሉትን በዙሪያ አስጠግቶ ቢያቆም ይበጀዋል፤ ይህ ገንዘብ አያስወጣም። ከሥር የሚታሰር የብረት መከለያ ሌባውን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አይከለክለውም። የሻንሲውን ቁጥር በዕቃው ላይ ማስቀረጽ ደግሞ ከሌባው ይልቅ የሚያስፈራው ገዢውን ነው፤ በካሊፎርኒያ በ2023 ሥራ ላይ የዋለው ሕግም አሮጌ ኮንቨርተር የሚገዙ ነጋዴዎች የሻጩን ማስረጃ እንዲይዙ ያስገድዳል።

ያገለገለ ቫን የሚገዛም ሰው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጥ፤ ጎንበስ ብሎም ከሥሩ ይመልከት። በቦታው ባዶ ቱቦ የተበየደ እንደ ሆነ፥ ሻጩ ዕቃውን አስገጥሞ እንዲያስረክበው ይጠይቅ።