ያለ ብርቱ እሳት ስለሚሠራ ፕላስቲክ

ብቅል ለጠላ የሚሰጠውን ኀይል የማያውቅ ባላገር የለም። የበቀለው ገብስ በእህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾም ስኳሩን ወደ አልኮል ይመልሰዋል። ይህን የብቅል ኀይል ፓየንና ፔርሶ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1833 ዓ.ም. ለይተው አወጡት፤ ዛሬም ይህን የመሰለው ነገር ኤንዛይም ይባላል። ኤንዛይም ከሕያው ፍጥረት ይገኛል እንጂ ራሱ ሕያው አይደለም፤ ሥራን ያፋጥናል፤ በሥራውም አያልቅም።

ኤንዛይም የሚፈታ ብቻ ሳይሆን የሚያያይዝም ነው። ጃፓኖች ኡሩሺ ከሚሉት ዛፍ የሚቀዳው ፈሳሽ በዕቃ ላይ ተቀብቶ በርጥብ አየር ውስጥ ሲቈይ እየጠነከረ ይሄዳል፤ እንደ መስተዋትም ያበራል። ይህም በፈሳሹ ውስጥ ባለ ኤንዛይም ኀይል እንደሚሆን ዮሺዳ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ በዚሁ አቈጣጠር በ1883 ዓ.ም. ገለጠ።

ፕላስቲክና ላስቲክ የሚሠሩበት ነገር ፖሊመር ይባላል፤ ይኸውም ጥቃቅን ክፍሎች እንደ መቍጠሪያ ተከታትለው የተያያዙበት ረጅም ሰንሰለት ነው። በፋብሪካ ልማድ የውሃ ጠርሙስ የሚሆነው ፖሊስተር የሚያያዘው ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት፤ አብዛኛውን ጊዜም አንቲሞን በሚባል ማዕድን ረዳትነት ነው። በ1993 ዓ.ም. ግን ኡያማና ኮባያሺ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት ስብን የሚፈታውን ሊፔዝ የተባለ ኤንዛይም ተጠቅመው ካፕሮላክቶን ከሚባል ነገር ፖሊስተር ሠሩ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥራ እጅግ የታወቀው በአንታርክቲካ ከተገኘ እርሾ የመጣው ሊፔዝ ነው። እርሱም ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 90 ዲግሪ ባለ ሙቀት ይሠራል፤ በጥቃቅን ፍሬዎች ላይ ተጣብቆ ስለሚገባም ሥራው ሲፈጸም ተጣርቶ ይወጣል፤ ደግሞም ይሠራበታል። በዚህ መንገድ ማገዶ ይቀንሳል፤ የማዕድን ርዝራዥም በዕቃው ውስጥ አይቀርም። ሆኖም ኤንዛይሙ ውድ ስለ ሆነ፤ የሚያያይዘውም ሰንሰለት ብዙ ጊዜ አጭር ስለ ሆነ፤ ርካሽ የሆነው ፌስታል ዛሬም በቀድሞው መንገድ ይሠራል።

የተከበራችሁ አገረ ገዥዎች፤ ባለ መሬቶችና የወረዳ ሹማምንት፤ አንድ ነገር አጥብቃችሁ እንድትለዩ ያስፈልጋል። በንጹሕ መንገድ የተሠራ ሁሉ በመሬት ውስጥ ይበሰብሳል ማለት አይደለም። ፖሊላክቲክ አሲድ የተባለው ፕላስቲክ የሚሠራው ኤንዛይም ወደ ስኳር ከለወጠው የበቆሎ ስታርች ነው፤ ነገር ግን ፈጥኖ የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ ያህል በሚሞቅ የብስባሽ ክምር ውስጥ ነው፤ በእርሻ አፈር ግን ብዙ ዘመን ይቈያል። ከካፕሮላክቶን የተሠራውን ግን የአፈር ረቂቃን ተሕዋስያን ይመገቡታል።

ስለዚህ ነጋዴ መደብ የሚሸፈንበትን ፕላስቲክ አምጥቶ «የተፈጥሮ ነው» ሲላችሁ፤ ከምን እንደ ተሠራ ብቻ ሳይሆን በእርሻ አፈር ውስጥ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ ጠይቁት፤ የተፈተነበትንም ጽሑፍ አስቀርቡት። አውሮፓውያን በ2018 ዓ.ም. ባወጡት ደንብ፤ እንዲህ ያለው መሸፈኛ በ2 ዓመት ውስጥ ከመቶ 90 እጁ በአፈር ውስጥ ወደ አየርነት መለወጥ አለበት።

ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ የተነጠፈ ፕላስቲክ ቍርጥራጩ በማሳ ላይ ይቀራል፤ ከብትም ከሣር ጋራ ይውጠዋል፤ የዋጠውም ከሆዱ አልወጣ ብሎ ያከሳዋል፤ ይገድለዋልም። ገበሬው በሬውን ካጣ በኋላ መጠየቅ ጥቅም የለውምና፤ አስቀድሞ መመርመር የሹም ፋንታ ነው።